የቀዩ ሥዕል ሰዓት

ሰው ጡረታ ሲወጣ ሥራው ይለቀዋል እንጂ ሰዓቱ አይለቀውም። እኔ ዛሬም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ግቢዬን አቋርጣ የቤቴን ደፍ ስትረግጥ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ብድግ ብዬ የት እንደምሄድ ግን አላውቅም። ጎረቤቴ አንድ ቀን አይታኝ፣ ጋሽ ተሰማ እንግዳ ሊመጣብዎት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሚመጣ ሰው የለም። ባለቤቴን ከቀበርኩ ቆይቷል፤ ልጅም አልወለድንም። የቀረኝ ይህ የመነሣት አመል ነው። አመል ደግሞ ብቻውን ሲቀር ሰው ያሳብዳልና፣ ከየት እንዳመጣሁት ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት ጣሊያን በወጣ ማግሥት በማዘጋጃ ቤት ተላላኪነት ነው። አያቴ ከሸዋ ዘምተው መጥተው ሐረር የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እኛም የከተማ ልጆች ሆነን አድገን የመንግሥት ደጅ ከመጥናት ሌላ ሙያ አልነበረንም። የመጀመሪያው አለቃዬ አንድ ሽማግሌ ፊታውራሪ ነበሩ። ወረቀት ይዘን ስንገባ ከወረቀቱ በፊት እጃችንን ያያሉ። ጣቱ የቆሸሸ ተላላኪ ታጥቦ እስኪመለስ የቸኮለው ጉዳይ ሁሉ ደጅ ይቆማል። ያኔ እንስቅባቸው ነበር፤ በኋላ የሥዕል ጠባቂ ስሆን ግን ስንት ጊዜ መረቅኳቸው።

ከዚያ ከከተማው በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር ኬላ ላይ ተመደብኩ። ከድሬ ጠያራና ከዚያ ማዶ ማሽላና ኦቾሎኒ የሚያመጡ ገበሬዎች ከነጋ ጀምሮ ይተላለፉብኛል። ኦሮምኛ የተማርኩት እዚያ ነው፤ መጀመሪያ ስድቡን፣ ቀጥሎ ሰላምታውን። ቀጥሎ በአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆንኩ። ደመወዙ በየሄድኩበት ያው ነበር፤ ስለሱ ብዙ የሚባል የለም። ባለቤቴ በሞተች በዓመቱ፣ ፊቴ ጠቁሮ ያዩኝ አንድ አለቃ ወደ ሥዕል ቤቱ ሂድ አሉኝ። ቦታው ጸጥ ያለ ነው፣ ላዘነ ሰው ይሆናል አሉ። ላዘነ ሰው ጸጥታ ጥሩ ነው ያላቸው ማን እንደሆነ እንጃ።

ሥዕል ቤቱ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከኤረር በር ወደ ላይ በሚወጣው ጠባብ መንገድ ላይ ያለ አሮጌ የሐረሪ ቤት ነው። ባለቤቱ ነጋዴ ሆኖ ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ማዘጋጃ ቤቱ ተከራየውና፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የዘመናዊ ሠዓሊዎች ሥራዎች ተሰቀሉበት። ለኔ ሥዕል ማለት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ኃጢአቴን የሚቆጥር መልአክ ነበር። እዚህ የተሰቀሉት ግን ሌላ ናቸው። አንዱ አፍንጫ የሌለው ሰው ነው። አንዱ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፤ ከላይ አንዲት ነጭ መሥመር ትታይበታለች። አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ቀይ ነው። ቀይ፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ቀይ፣ በመካከሉ በር የሚመስል ሌላ ቀይ። በመጀመሪያው ቀን አይቼው፣ ይህን ያህል ቀለም አንድ የትምህርት ቤት በር ይቀባ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ቤቱን የሚያሳዩት አው ዘካሪያ የሚባሉ የሐረሪ ሽማግሌ ነበሩ። አው ማለት በነሱ ቋንቋ የአባት ማክበሪያ ነው። መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ፤ የአባታቸውም የአያታቸውም ሙያ ቁርኣን መጠረዝና ቆዳውን ማስጌጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሲሄድ ቁልፉን ለሳቸው ትቶ ስለነበር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቤቱን ሲወስድ እሳቸውም ከቁልፉ ጋር አብረው መጡ። እንደኔው ሚስት የሞተባቸው ሰው ናቸው። ዘመዶቻቸው ድሬዳዋና ጅቡቲ ተበትነዋል።

ስለ አሠራራቸው ጥቂት ልናገር፤ የኔ ትምህርት ቤት እሱ ነውና። እንግዳ በሩ ላይ ጫማውን ያወልቃል። አው ዘካሪያ ጎንበስ ብለው ጫማዎቹን አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙረው ይደረድሯቸዋል፤ እንግዳው ሲወጣ መዞር ሳያስፈልገው አጥልቆ ይሄዳል። ከዚያ እንግዳውን ወደ ሥዕል አይወስዱትም። ያስቀምጡታል። በሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባል፣ ደረጃ ደረጃ ያለው፣ በቀይ አፈር የተቀባ መቀመጫ አለ፤ ሽማግሌው የት፣ እንግዳው የት፣ ልጁ የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። እንግዳው በቦታው ይቀመጥና ላቡ ይደርቃል። በግንቦት ሙቀት ከውጭ ለገባ ሰው፣ የዚያ ወፍራም ግድግዳ ቅዝቃዜ ራሱ ግብዣ ነው። ሰው ካልተቀመጠ ያያል እንጂ አይመለከትም ይሉ ነበር።

ዋናው ግን ብርሃኑ ነው። ቤቱ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ በሩም የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትገባ ከኋላ ያለው ግድግዳ ይበራል። ከፍ ስትል ብርሃኑ እየወረደ ነደባው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወለሉን ይዞ ቀስ እያለ በበሩ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል የራሱ ሰዓት አለው። አፍንጫ የሌለው ሰው የጠዋት ነው። ቀዩ የረፋድ ነው። ፀሐይዋ በቀጥታ አትነካውም፤ ከሥሩ ያለውን የነደባ ቀይ አፈር ስትመታው፣ ከአፈሩ የሚነሣው ብርሃን ወደ ላይ ወጥቶ ሥዕሉን ያሞቀዋል። በዚያን ጊዜ በመካከሉ ያለው በር ወደ ውስጥ ይከፈታል። ዓይኔ እስኪለምደው ወራት ፈጀብኝ። ካየሁት በኋላ ግን ያንን ሰዓት ሳላይ የዋልኩበት ቀን የጎደለ ቀን ይመስለኝ ጀመር።

አው ዘካሪያም ከሁሉ ቀዩን ይወዱ ነበር። ነፍስ ያለው ፍጥረት አልተሳለበትም፣ ለኔ ሃይማኖት ይስማማል ይላሉ። ሠዓሊው በወጣትነቱ የሞተ ሰው ነው፤ ሐረርን አላያትም ይባላል። ለእንግዳ ሲያሳዩት ሁልጊዜ አስቀድመው ለሟቹ ይጸልዩለታል። ቀጥለው፣ እናቶቻችን በዓል ሲደርስ ይህን ነደባ በቀይ አፈር ይቀቡታል፣ ይህ ሰው አፈራችንን ሳያይ ከየት አገኘው ይላሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን መስማት ለብቻው ያስደስት ነበር።

ዓይናቸው እየጠፋ መሆኑን ያወቅሁት በክረምት ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ብርሃን በሌለበት ቀን፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን ነደባው ላይ አሳርፈው ቆዩና፣ ዛሬ ፀሐይዋ ዘገየች አሉኝ። ውጭ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ያኔ ገባኝ፤ ሰዓቱን የሚያውቁት በመዳፋቸው ሙቀት ነው። ሥዕሎቹን የሚለዩት እንግዳ ከመግባቱ በፊት ክፈፋቸውን በጣታቸው ዳብሰው ነው። የቀዩ ክፈፍ ከታች ጥግ ላይ ስንጥቅ አለችበት። ለዓመታት ቆዳ የዳሰሰ ጣት ስንጥቅ አይስትም።

ስለ ዓይናቸው አንድም ቀን አልተነጋገርንም። እኔ እየቀደምኩ መንገዱ ላይ የተረሳ ባልዲ አነሣለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ደረጃው ላይ ክንዴን ሲይዙ የደከሙ ሽማግሌ ይመስላሉ። ያቺን ቤት ቢያጡ ሌላ የሚሄዱበት እንደሌለ አውቃለሁ። የኔም ነገር ያው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የማወራው እዚያ ብቻ ነው። ማየት የማይችል ሰው ሥዕል ያሳያል ተብሎ ቢሰማ ማን ያቆየናል? በዚህ ፍርሃት ብዙ ጊዜ ኖርን። ሥራችን ግን አልተበላሸም፤ እንዲያውም እንግዳው እሳቸው ሲናገሩ ከበፊቱ ይበልጥ ጸጥ ይል ነበር።

ከዚያ ውጭ አገር የተማረ ወጣት ኃላፊ መጣልን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። አንድ የግንቦት ቀን ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎችና ሠዓሊዎች ሊጎበኙን ነው አለና፣ በዋዜማው ሥዕሎቹን እንደ አዲስ አሰቀለኝ። ቀዩን ብቻ በቦታው ተወልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ተወው። በማግሥቱ በጠዋት አው ዘካሪያን በእያንዳንዱ ሥዕል ፊት አዞርኳቸው። ክፈፎቹን ዳበሱ፣ ተራቸውን በቃላቸው ደገሙልኝ፤ አንድም አልሳቱም። በኋላ ሁለታችንም እንግዶቹን ለመቀበል ወደ ኤረር በር ወረድን፤ መኪና በጀጎሉ መንገድ አይገባምና በእግር ማምጣት ነበረብን።

ሙቀቱ የሚያቃጥል ነበር። ከከተማው በላይ ያለው ሐኪም ጋራ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እንግዶቹ ኮት ለብሰው፣ በመሐረብ አንገታቸውን እየጠረጉ ወጡ። ቤቱ ሲደርሱ እፎይ አሉ። አው ዘካሪያ ጫማ ደረደሩ፣ ሁሉንም በየቦታው አስቀመጡ። እኔ የመጨረሻው ሆኜ ገባሁና ቀና ብዬ ሳይ፣ በቀዩ ቦታ ላይ ሰማያዊው ተሰቅሏል።

ነገሩን በኋላ ነው የሰማሁት። ኃላፊው እኛ ከወጣን በኋላ የሰማያዊው ሠዓሊ ከእንግዶቹ አንዱ መሆኑን ሰማ፤ ሰውየውን ለማክበር ብሎ ሥዕሉን በክብር ቦታው ላይ ሰቀለለት፣ ቀዩን ወደ በሩ አጠገብ አወጣው። እንግዳ ማክበር ነው፤ ምን ይባላል።

አው ዘካሪያ እንግዶቹን ሲያስቀምጡ ቆይተዋልና ክፈፍ አልዳበሱም። መዳፋቸውን ነደባው ላይ አሳረፉ። አፈሩ ሞቋል፤ ሰዓቱ ደርሷል። እኔ ላስጠነቅቃቸው ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ሰሙኝ፣ ጉንፋን መሰላቸው። ተነሥቼ ሥዕሉ ተቀይሯል ብል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውርነታቸውን ማወጄ ነው። ዝም ብል ደግሞ ራሳቸው ሊያውጁት ነው።

"ይህን የሠራው ልጅ ሞቷል፤ አላህ ይዘንለት" ብለው ጀመሩ። "እናቶቻችን በዓል ሲደርስ ይህን ነደባ በቀይ አፈር ይቀቡታል። ይህ ልጅ አፈራችንን አላየም። ታዲያ ይህን ቀይ ከየት አመጣው? አትቸኩሉ፣ ተመልከቱት፤ በሩ ይከፈትላችኋል።"

እንግዶቹ ሰማያዊውን ተመለከቱ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ዘመናዊ ሥዕል አይደል፣ ሰማያዊም ቀይ ሊባል ይችላል ብሎ ይሆናል። አንድ ወፍራም ሹም ድንቅ ነው አሉ። ሁለቱ ግን ተያዩ፤ ኃላፊያችን ከንፈሩን ነከሰ። ያኔ ከመካከላቸው አንድ ቀጭን ወጣት ተነሣ። ሠዓሊው እሱ ነበር። አው ዘካሪያን አያቸው፣ ዓይናቸውን አየ፣ ሁሉም ነገር ገባው።

"ሥራው የኔ ነው አባቴ" አለ ለስለስ ባለ ድምፅ። "ልክ እንዳሉት ነው።"

ልጁ ያደረገው ለደግ ነው። እኔም በዚያች ደቂቃ ልስመው ምንም አልቀረኝ። መጸለያቸውን ግን ልብ አላለም።

አው ዘካሪያ ወደ ድምፁ ፊታቸውን አዞሩ። መዳፋቸው ከነደባው ተነሣና ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ። የቀዩ ሠዓሊ እንደሞተ ያውቃሉ፤ የሞተ ሰው ተነሥቶ ልክ ነዎት አይላቸውም። ከፊታቸው የተሰቀለው ቀዩ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም።

"የአንተ ነው?" አሉት። "እንግዲያው አላህ ዕድሜ ይስጥህ። የጸለይኩት ለሞተ ሰው ነበር።"

የቀሩትን ሥዕሎች ኃላፊው አሳየ። እሳቸው በቦታቸው ቁጭ ብለው እንግዶቹ እስኪወጡ ጠበቁ። ጫማ ለማቅረብ አልተነሡም፤ የዚያን ቀን ጫማውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ጠሩኝ።

"ተሰማ፣ ቀዩን የት አደረጋችሁት?"

በሩ አጠገብ በስተግራ ነው አልኳቸው። ግድግዳውን ይዘው ሄዱ፣ ክፈፉን አገኙት፣ ስንጥቋን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሷት። ከዚያ ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው በእጄ ላይ አኖሩት።

ኃላፊው አላሰናበታቸውም። እንዲያውም አፍሮ፣ ሂድና መልሳቸው ብሎ ደጋግሞ ላከኝ። ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ማንም አልሳቀብዎትም፣ ይመለሱ አልኳቸው። የመለሱልኝን አልረሳውም።

"ቢስቁብኝማ እመለስ ነበር" አሉ። "ወላሂ፣ ሳቅ እችላለሁ። ያ ልጅ አዘነልኝ እኮ ተሰማ። የታዘነለት ሰው ምን ያሳያል?"

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጫት፣ ስለ ጎረቤት ፍየል እናወራለን። ስለ ሥዕል አንድ ቃል አንተነፍስም። ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ብቻውን ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ ነው። ሥዕል ቤቱ ውስጥ ደግሞ ብቻዬን ቀረሁ። ቀዩን ኃላፊውን አስፈቅጄ ወደ ቦታው መለስኩት። ጫማ አዞራለሁ፣ እንግዳ አስቀምጣለሁ፣ የሳቸውን ቃል እናገራለሁ፤ በኔ አፍ ሲወጣ ግን ይቀዘቅዛል። ብዙ ቀን እንግዳም አይመጣም። ሰዓቱ ይደርሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ የማየው እኔ ብቻ።

በሌላ ዓመት፣ ያው የግንቦት ሙቀት በነገሠበት ቀን፣ በሩ ተንኳኳ። ያ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የሚያንኳኳው ሰው የለም። አው ዘካሪያ ናቸው። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በዱላ እየተመሩ፣ ከስተው። ጫማቸውን አወለቁ፣ እንደ እንግዳም ቆመው ጠበቁ። ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን አዞርኩ። ወደ ላይኛው ነደባ ልወስዳቸው ስል እምቢ አሉ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ተቀመጡ። ላባቸው እስኪደርቅ ጠበቅኩ።

"እንግዲህ አሳየኝ" አሉ።

አሳየኋቸው። አፍንጫ የሌለውን ሰው፣ ሰማያዊውን፣ ሁሉንም እንደሚታየኝ ነገርኳቸው። ሲያስቃቸው ይስቃሉ፣ ሲገባቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የቀዩ ሰዓት ሲደርስ መዳፋቸውን ወስጄ ነደባው ላይ አኖርኩት። ያን ጊዜ የማውቀው ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። የሳቸውን ንግግር ለሳቸው ልመልስ አፈርኩ። ቀይ ነው አልኩና ቀረሁ።

"አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ። "በቃ። እሱን ካልክ ሁሉንም ብለሃል።"

እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ክረምቱን አልጨረሱም። ለቀብራቸው ከጀጎል ሰው ጋር ወጣሁ፤ እኔ ክርስቲያኑ ከኋላ ሆኜ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ በዚያ ቤት ቆየሁ። ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ፤ መብራት ገባ፣ ሥዕል ወጣ፣ ሥዕል ገባ። እኔ እስክወጣ ድረስ ቀዩ ከቦታው አልተነሣም። በዚህ ብቻ እመካለሁ።

ባለፈው ግንቦት፣ እንደ ልማዴ ረፋዱ ላይ ከወንበሬ ብድግ ስል፣ እስቲ ዛሬ እግሬ ወደሚያውቀው ልሂድ አልኩና ሄድኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሥዕል ቤቱ በር ላይ አንዲት ትሑት ወጣት ተቀብላ በአክብሮት አስገባችኝ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል፣ ግድ የለም አባባ፣ ከነጫማዎ ይግቡ አለችኝ። በየግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ መብራት ተገጥሟል፤ አሁን ሁሉም ሥዕል ሰዓት ሳይጠብቅ ይታያል። ነደባው ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ገመድ ተዘርግቷል።

በገመዱ ሥር እጄን አሾልኬ አፈሩ ላይ አሳረፍኩት። ሞቋል። ቀና አልኩ። በግድግዳው ላይ የማላውቀው ሌላ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጥሩ ሥዕል ነው፣ አላማውም።

"ልጄ፣ ቀዩን የት አደረጋችሁት?" አልኳት።

ልጅቷ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ግድግዳውን አየች። ልትረዳኝ ከልቧ ፈልጋ ነበር።

"የትኛው ቀይ፣ አባባ?"